የእህቴ ምርመራ ታይፎይድ ላይ ቆሟል፤ ሉፐሱ ኩላሊቷን ነክቶ ይሆን?

እህቴ 27 ዓመቷ ነው፤ ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራስን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) እንዳለባት ከታወቀ 4 ዓመት ሆኗል። በቀን ሃይድሮክሲክሎሮኪን 200 ሚሊግራም እና ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ አቋርጣ አታውቅም።

ከ6 ሳምንት ወዲህ ማታ ማታ 38 የሚደርስ ትኩሳት አላት፣ ጠዋት ዓይኗ ዙሪያ ያብጣል፣ ሽንቷ አረፋ ይሠራል። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ወሰድናት። ሁለቱንም ጊዜ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ፖዘቲቭ ነው ተብሎ የታይፎይድ መድኃኒት ታዘዘላት፤ መጀመሪያ 7 ቀን ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ቀጥሎ ሴፍትሪያክሶን በመርፌ። ትኩሳቱ አልበረደም። ዊዳል ድሮ የታመመ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ስለሚል ከመርፌው በፊት የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ባክቴሪያ ካለ አብቅሎ የሚያሳይ ምርመራ) አሠራን፤ ምንም አልበቀለም።

የያዝነው ውጤት፦ ኢኤስአር (የብግነት መለኪያ) 95፣ ሲአርፒ (ሌላ የብግነት መለኪያ) ኖርማል፣ ነጭ የደም ሴል 2,900፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) 0.9፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን 2+ እና ደም። ግፊቷ 145/95። ሐኪሙ ክሬያቲኒኗን አይቶ ኩላሊቷ ደህና ነው አለን። ሉፐስ ግን ክሬያቲኒን ከፍ ከማለቱ በፊት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

የሽንት ፕሮቲንና ክሬያቲኒን ሬሾ፣ ሲ3፣ ሲ4 እና አንቲ ዲኤስዲኤንኤ (ሉፐሱ መባባሱን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች) በግል ላቦራቶሪ ልናሠራ ነው። ወደ ኩላሊት ሐኪም ሪፈር እንዲጽፉልንና ባዮፕሲ (ከኩላሊቷ ናሙና ወስዶ መመርመር) እንዲታሰብበት፣ ከእነዚህ ሌላ የግድ ይዘን መቅረብ ያለብን ምርመራ የትኛው ነው?