ግሎው ስቲክ በሙቅና በበረዶ ውሃ፣ ተበላሽቶብኝ ነው?

ሰላም ቤተሰብ፣ ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ግሎው ስቲክ (ያቺ ስትታጠፍ ቀጭ ብላ የምታበራዋ) አንዱን በረዶ ውሃ አንዱን 50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከተትን፣ የሙቁ ቦግ ሲል ክፍሉ በጩኸት ተሞላ፣ ግን ቶሎ ፈዘዘ፣ የበረዶው ግን ጭል ጭል እያለ ማግስቱም አለ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ኧረ ምንም ቲቸር! ስትታጠፍ ውስጧ ያለችው ብልቃጥ ተሰብራ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ ከሌላው ኬሚካል ጋር ይቀላቀላል፣ ሙቀት ሲጨምር ሪአክሽኑ ይፈጥናል ብርሃኑም ይደምቃል፣ ያው ኬሚካሉም ቶሎ ያልቃል።

መልስ፦ በዓይን ከሆነ የለካችሁት ግን አላምነውም፣ ዓይን ጨለማ ይለምዳል። ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ በስልክ ላይት ሜትር አፕ በየ10 ደቂቃው መዝግቡ።

መልስ፦ ማይክሮዌቭ ብቻ እንዳትሞክሩ፣ ይፈነዳል። የኔ ልጅ ሞክሮልኛል 😂

ጠያቂው፦ ካርቶኗን ሰኞ እንሞክራታለን፣ ተባረኩ