ክርክር፦ አዛውንትን ነርስ ፕራክቲሽነር ብቻውን ይከታተል?

መነሻ
ነርስ ፕራክቲሽነር ማለት ከነርስነት በላይ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት የተማረ ባለሙያ ነው። ይመረምራል፣ ላብራቶሪ ያዛል፣ መድኃኒት ይጽፋል። ሙያውን እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የሕፃናት ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር ናቸው። ያኔ የታሰበው ለሕፃናት ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ከግማሽ በላይ በሆኑ ግዛቶች ያለ ሐኪም ቁጥጥር ይሠራሉ። በቀሩት ከሐኪም ጋር ውል ይጠየቃሉ፣ ወይም ቁጥጥር አለባቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? አባታችሁን ለእነሱ ብቻ ትተዋላችሁ?

የእማማ ልጅ
እኔ እተዋለሁ። እናቴ 81 ዓመቷ ነው። የልቡ ሐኪም የልቡን ይጽፋል፣ የመገጣጠሚያው የራሱን። ዘጠኝ ዓይነት መድኃኒት ደርሳ ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ ያየ ሰው ግን አልነበረም። ነርስ ፕራክቲሽነሯ «ቤት ያለውን ኪኒን በሙሉ በፌስታል አምጡልኝ» አለች። ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። መሃል ላይ ለእንቅልፍ ብለን ያለ ማዘዣ የገዛነው ዳይፈንሃይድራሚን ተገኘ። ሌሊት የሚያስቀባጥራት፣ ሽንቷንም የሚከለክላት እሱ ኖሯል። የገዛሁት ደግሞ እኔው ነኝ!

ተረኛ ሐኪም
እንኳን ተሻላት እህቴ። ያ መድኃኒት ለአዛውንት አይመከርም። ከ1991 ጀምሮ ቢርስ የሚባል ለአዛውንት የማይመከሩ መድኃኒቶች ዝርዝር አለ፣ እሱም እዚያ ውስጥ ነው። ፌስታሉን እኛም ብናየው ደግ ነበር፤ አላየነውም፣ ጥፋቱ የኛ ነው።

ግን ይሄ ጥሩ ሥራ መሥራቷን ያሳያል እንጂ ያለ ሐኪም ትሥራ አያሰኝም። የአዛውንት በሽታ መልኩን ይቀይራል። ሃርት አታክ ያለ ደረት ሕመም ይመጣል። ሳምባ ምች ያለ ትኩሳት። ያንን ለመጠርጠር ብዙ በሽተኛ ማየት ይጠይቃል። በአሜሪካ የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ዝቅተኛው የክሊኒክ ልምምድ በ2022 ከ500 ወደ 750 ሰዓት ከፍ ብሏል። የውስጥ ደዌ ሐኪም ግን ከሕክምና ትምህርት በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠናው (ሬዚደንሲው) ብቻ ሦስት ዓመት ነው።

የሌሊት ነርስ
ዶክተር፣ ሰዓት ሲቆጥሩ አልጋ አጠገብ በነርስነት ያሳለፍናቸውን ዓመታት የት ጣሏቸው?

ዴሊሪየምን፣ ማለትም በሕመም ወይም በመድኃኒት ድንገት የሚመጣውን የአእምሮ መዛባት፣ እንውሰድ። ትናንት በስሜ ጠርተውኝ የቀለዱ አባት ዛሬ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ካሉ አንድ ነገር አለ። ኢንፌክሽን ይሆናል፣ የሽንት መታገድ ይሆናል፣ አዲስ ኪኒን ይሆናል። የሚጮኸውን በሽተኛ ሁሉም ያየዋል። ዝም ያለው ነው የሚያመልጠው፤ «ደክሟቸው ነው» ይባላል። ለውጡን የሚያውቀው ትናንት ያያቸው ሰው ነው። ሐኪሙ በሳምንት አንዴ ብቅ ካለ ከምን ጋር ያወዳድራል?

ጥናትም ካሉ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ 18 ጥናቶችን አይቶ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የነርሶቹ ውጤት ከሐኪሞቹ ጋር ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ደምድሟል። ከበሽተኛው ጋር የሚቆዩትም ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

ተረኛ ሐኪም
የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ማለትና አምስት በሽታ የተደራረበባቸው የ85 ዓመት እናት ማለት ይለያያል። በ2022 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ በነርስ ፕራክቲሽነር የታዩት ረዘም ብለው እንደቆዩ፣ ወጪውም እንደጨመረ አሳይቷል።

የሌሊት ነርስ
እሱ ድንገተኛ ክፍል ነው! የማያውቁት በሽተኛ ድንገት የሚመጣበት። እኔ የማወራው በየቀኑ ስለሚያዩት ሰው ነው።

ቆጣሪው
ገንዘቡን ማንም አላነሳም። የአዛውንቶቹ የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬር ለነርስ ፕራክቲሽነር የሚከፍለው ሐኪም ከሚከፈለው 85 በመቶውን ነው። ርካሽ ሲሆን «ለሽማግሌ ይበቃል» ማለት ይመጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ የባለሙያዋ ችሎታ አይደለም።

የእማማ ልጅ
ልክ ነህ። ግን እናቴን ዘጠኝ ኪኒን ላይ ያደረሷት ብዙ የሚከፈላቸው ሐኪሞች ናቸው።

የሌሊት ነርስ
ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቀየሙኝ። ውል በሚጠየቅበት ቦታ የሚፈርመው ሐኪም በሽተኛውን ያየዋል?

ተረኛ ሐኪም
አልቀየምም። እኔም እንዲህ ፈርሜ አውቃለሁ። በወር አንዴ ፋይል አገላብጥ ነበር፣ ፊታቸውን ያየኋቸው ሁለት ወይም ሦስት ይሆናሉ። ስለዚህ ለፊርማው አልሟገትም። የምሟገተው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያነሳው ሐኪም ያለበት ስልክ እንዲኖር ነው።

የሌሊት ነርስ
እሱንማ እኔም እፈልጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሦስቴ ደውዬ ያነሳልኝ አልነበረም።