የቆሮሶ ሾርባ ለምን ይመርራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። እዚህ ባሕር ዳር ዓሣው ለጥብስ ከተዘጋጀ በኋላ የሚተርፈውን የቆሮሶ ጭንቅላትና አጥንት ለሾርባ እቀቅላለሁ። 1 ሰዓት ይንተከተካል፤ ሁልጊዜ ግን ይደፈርሳል፣ ይመርራልም። ምን ልቀይር?

መልስ፦
ምሬቱ ከስንጥቡ ነው፤ ከጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ቀዩን ነገር ጎትተው ያውጡት። ሐሞት ፈሶበት ከሆነ ያንን ቦታ ቆርጠው ይጣሉ፤ መታጠብ አያድነውም። በጀርባ አጥንቱ ላይ የረጋውን ደም ፈትገው ይጠቡ። ለ1 ኪሎ አጥንት 2 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለሁለት የተከፈለ 1 ቀይ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ይበቃል። ሊፈላ ሲል አረፋውን በጭልፋ ይግፈፉ፣ እሳቱን ይቀንሱ፤ ከዚያ 25 ደቂቃ ብቻ። የዓሣ አጥንት እንደ በሬ ቅልጥም አይደለም፤ ስስ ስለሆነ ጣዕሙን ቶሎ ይሰጣል። ሲንተከተክ ደግሞ አረፋውና ስቡ ተመልሶ ይቀላቀላል፤ ድፍርሱ እሱ ነው። በወንፊት አጥልለው፣ በመረቁ 2 ድንችና 1 ካሮት በትንንሹ ከትፈው ያብስሉ። ሥጋ ካለ መጨረሻ ላይ ለ4 ደቂቃ ይግባ፤ ከዚያ ካለፈ ይደርቃል።

መልስ፦
ሎሚ የሚጨምሩ ከሆነ ሾርባውን ካወረዱ በኋላ ይጭመቁ። ዓሣው አምባዛ ከሆነ ቆዳው ስለሚያሙለጨልጭ መጀመሪያ በጨው ይሹት።

መልስ፦
ዓሣ ለማይበላ የምስር ክክ ሾርባም ደስ ይላል፦ 1 ኩባያ ክክ ለ5 ኩባያ ውሃ። ቲማቲሙ ምስሩ ሳይፈርስ አይግባ፤ ኮምጣጣነቱ መብሰሉን ያዘገየዋል። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ይጠብቁ።