ለቅዳሜው የተኩስ ፈተና የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት ከየት ላግኝ?

የማታ ፈረቃ፦
ወንድሞችና እኅቶች፣ በአስቸኳይ እርዱኝ። ቅዳሜ ጠዋት ዓመታዊውን የተኩስ ፈተና እወስዳለሁ፤ አሠልጣኙ ደግሞ የራሱን መቶ ጥይት ይዞ ያልመጣ አይፈተንም ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። የዘጠኝ ጥይት በአካባቢዬ በአንድም ሱቅ የለም፤ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ መቼ እንደሚገባም ሻጮቹ አያውቁም። የመሣሪያ ፈቃዴ በዚህ በፌብሩዋሪ 2021 መጨረሻ ስለሚያበቃ፣ ፈተናው ካመለጠኝ መሣሪያ ወደማይያዝበት የጥበቃ ቦታ እዛወራለሁ፤ የሰዓት ክፍያዬም ይቀንሳል። የት ይገኛል?

የዉድብሪጅ እናት፦
ወንድሜ፣ የምትኖረው በየትኛው ስቴት ነው? ሕጉ ከስቴት ስቴት በጣም ስለሚለያይ ይህን ሳናውቅ የምንሰጥህ ምክር ሊጎዳህ ይችላል። በካሊፎርኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ ጥይት ለመግዛት የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ማለፍ ግድ ነው፤ በቨርጂኒያ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። በተጨማሪም የትኛው ዘጠኝ እንደሆነና የመኖሪያ ወረቀትህ ምን ዓይነት እንደሆነ ንገረን።

ሰንጋ ተራ፦
ዋልማርት ማለዳ ሂድ። ሌሊት ያራግፋሉ።

ናዝሬት 77፦
ዋልማርት የሽጉጥ ጥይት መሸጥ አቁሟል። በኦገስት 2019 በኤል ፓሶ መደብሩ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ከተገደለ በኋላ፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ የሽጉጥ ጥይትና ለአንዳንድ ጠብመንጃዎች የሚሆነውን ጥይት በእጁ ያለው ሲያልቅ ዳግመኛ እንደማያስገባ አስታወቀ። ዛሬ የምታገኘው ለአደን ጠብመንጃ የሚሆነውን ብቻ ነው። ወንድማችን ጊዜ ስለሌለው ወደዚያ አንላከው።

መምህር ነኝ፦
ነገሩ ከሥሩ ካልታወቀ ፍለጋው ስለማይቃና ትንሽ ላብራራ። ሻጮቹ ደብቀውት ወይም መንግሥት ከልክሎት አይደለም። በማርች 2020 ወረርሽኙ ሲገባ ሕዝቡ መሣሪያ ለመግዛት ተሰለፈ፤ በጆርጅ ፍሎይድ ግድያ የተነሣው የበጋው ተቃውሞና የኖቬምበሩ የፕሬዚዳንት ምርጫ ተጨመሩበት። በዚያ ዓመት የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ ያካሄደው ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ከ39 ሚሊዮን በልጧል። የኢንዱስትሪው ማኅበር ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያ የገዙት ከ8 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገምቷል። እያንዳንዳቸው ሁለት ባለ ሃምሳ ሳጥን ብቻ ቢገዙ እንኳ 800 ሚሊዮን ጥይት ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የገዙት የዘጠኝ ሽጉጥ ነው። በሌላ በኩል ከታላላቆቹ አምራቾች አንዱ የነበረው ሬሚንግተን በጁላይ 2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ በአርካንሳስ ሎኖክ ያለውን የጥይት ፋብሪካውን ቪስታ አውትዶር የተባለ ድርጅት ገዝቶ እንደገና ማንቀሳቀስ ጀመረ። ከሁሉም የከፋው የፕራይመር ነገር ነው። ቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለችው፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሿ ክፍል ማለቴ ነው፤ በዚህ አገር በብዛት የሚሠሯት ጥቂት ፋብሪካዎች ናቸው፣ ያለ እርሷ ደግሞ ናሱና ባሩዱ ቢትረፈረፍም ጥይት አይሆንም። ስለዚህ በፊት አሥር አሥራ ሁለት ዶላር የነበረው ባለ ሃምሳ ሳጥን በዚህ በ2021 መጀመሪያ ሠላሳ ዶላርና ከዚያ በላይ ቢጠየቅበት አትደነቅ።

የማታ ፈረቃ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔ ግን ያለኝ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው። ያለሁት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ጥይቱ ተራው ዘጠኝ ነው።

የድሮ አሥር አለቃ፦
ልጄ፣ ተራ ዘጠኝ የሚባል ነገር የለም፤ በችኮላ የሚገዛ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ቤት የለመድነው የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሲሆን አረሩም ወፈር ይላል። እዚህ አሜሪካ ዘጠኝ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ 9 በ19 ማለት ነው፤ ሳጥኑ ላይም ሉገር ወይም ፓራቤለም ተብሎ ይጻፋል። በአንዳንድ ሳጥኖች ላይ ኩርዝ ወይም ሾርት የሚል ቃል ከዘጠኙ አጠገብ ካየህ እርሱ 9 በ17 ስለሆነ አትንካው። መደርደሪያው ባዶ በሆነበት ሰሞን የሚተርፈው ሰው ያልፈለገው ዓይነት ነው፤ ዘጠኝ የምትለዋን ቁጥር ብቻ አይተህ ደስ ብሎህ እንዳትከፍል። የሽጉጥህ አፈሙዝ ላይ የተቀረጸውንና ሳጥኑን አስተያይ።

የማታ ፈረቃ፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ አሁን አይቼዋለሁ፣ 9 በ19 ነው።

ፍትሕ ለሠራተኛ፦
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው የወደቀው እላለሁ። ታጥቀህ ቆመህ ንብረቱን የምትጠብቅለት ድርጅት፣ አንተን ለደንበኛው በታጣቂ ዋጋ እያከራየ፣ የፈተናህን ጥይት በእጥፍ ዋጋ ከኪስህ ግዛ ማለቱ ተገቢ አይደለም። ሱቅ ለሱቅ ከመንከራተትህ በፊት ለአለቃህ በጽሑፍ ጠይቀው።

የማታ ፈረቃ፦
ጠይቄያለሁ። ስንቀጠር የፈረምነው ውል ላይ የፈቃድ ማደሻ ወጪ በሠራተኛው ይሸፈናል የሚል አለበት። አንድ ድረ ገጽ ላይ ግን ሺህ ጥይት በ220 ዶላር አግኝቻለሁ፤ ክፍያውን ዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ ማስተላለፊያ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ልክፈል?

ናዝሬት 77፦
እንዳትከፍል! በዚህ ወቅት በዚያ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ የለም፤ በዜል ወይም በቢትኮይን ብቻ ክፈሉ የሚል የጥይት ሱቅ ገንዘብህን ወስዶ የሚጠፋ ነው። እውነተኛ ቢሆን እንኳ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጥይት ስለማያመላልስ በሌላ አጓጓዥ ተጭኖ እስከ ቅዳሜ አይደርስልህም።

ሰንጋ ተራ፦
ዋልማርት ካልሆነ እዚሁ ቨርጂኒያ ጌንስቪል ያለው የአደን ዕቃ መደብር፣ ካቤላስ። በማለዳ ግን።

የገርጂ ልጅ፦
ሰንጋ ተራ አሁን መንገዱን አግኝቷል። በእኔ ልምድ ሱቆቹ ጭነት የሚገባላቸው በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ፣ መቼ ይገባል ከማለት ይልቅ መኪናው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ብትጠይቅ ሻጩ መልስ ይኖረዋል። ወረፋው የቀበሌ ስኳር ወረፋ ነው፤ በሩ ከመከፈቱ በፊት የሚደርስ ያገኛል፣ የሚሰጠውም ለአንድ ሰው አንድ ወይም ሁለት ሳጥን ነው። እኔ በዚህ ሳምንት ታናሽ ወንድሜንም ይዤ ልሰለፍ ነው፤ አንተም ዘመድ ይዘህ ና፣ እጥፍ ይደርስሃል።

የዉድብሪጅ እናት፦
የገርጂ ልጅ፣ ወንድምህ በምን ቪዛ ነው ያለው? ይህን የምጠይቅህ ለክፋት አይደለም። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው ያሉ ውስን ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ሻጩ ላይጠይቀው ይችላል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ዕድሜ ነው፣ ለሽጉጥ ጥይት 21 ዓመት። ነገር ግን አለመጠየቁ ልጁን አያድነውም። ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ጥገኝነት ጠያቂዎችም ጠበቃ ሳያነጋግሩ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳይነኩ እለምናለሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ መግዛት ይችላል።

ለጠያቂው ደግሞ፣ ባለቤቴ ባለፈው ወር ያለፈበት መንገድ ይህ ነው። ሱቅ መሮጡን ትቶ በዙሪያችን ላሉ የቤት ውስጥ ተኩስ መለማመጃዎች በየተራ ደወለ። ብዙዎቹ ለውጭ ገዢ የሚሸጡት ባይኖራቸውም፣ መስመር ተከራይቶ እዚያው ለሚተኩስ ሰው የሚያስቀምጡት ጥይት አላቸው፤ ወደ ውጭ ይዞ መውጣት ግን አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ አሠልጣኝህን፣ ፈተናውን የሚሰጥበት ቦታ ለተፈታኝ ጥይት ይሸጥ እንደሆነ ጠይቀው። ባለቤቴም በመጨረሻ ያገኘው ከዚያው ነበር፤ አሠልጣኙ ይህን ሳይነግራቸው የቀረው ዋጋው ስለሚወደድ ነው። የማይሸጥ ከሆነ ለተኩስ ትምህርት ቤቶች ደውል፤ ለተማሪዎቻቸው ከሚይዙት ሁለት ሳጥን የሚለቁልህ አይጠፉም። መቶው ጥይት ለፈተናው ብቻ ነው ወይስ ለልምምድም ጭምር የሚለውንም ጠይቅ፤ ሃምሳው የሚበቃ ከሆነ ጭንቀትህ በግማሽ ይቀንሳል። ከገዛህ ቀለሁ ናስ የሆነውን፣ አረሩም በመዳብ ተሸፍኖ በእንግሊዝኛው ፉል ሜታል ጃኬት የሚባለውን ያዝ፤ የብረት ቀለህ የማያስገቡ መለማመጃዎች አሉ።

የድሮ አሥር አለቃ፦
እኅታችን ሁሉንም ተናገረችው። አንድ ብቻ ልጨምር፤ ጥይቱን መኪና ውስጥ ትተህ ዲሲ ለሥራም ሆነ ለምሳ እንዳትሻገር። እዚያ በስሙ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው ጥይት ብቻውን ይዞ ቢገኝም ይከሰሳል፤ የቨርጂኒያ ፈቃድህ አያድንህም።

የገርጂ ልጅ፦
የዉድብሪጅ እናት፣ እድሜ ይስጥልኝ፤ ወንድሜ የተማሪ ቪዛ ነው ያለው፣ ይህን አላውቅም ነበር። ነገ ብቻዬን ነው የምሄደው። የማታ ፈረቃ፣ የመለማመጃው ነገር ካልተሳካልህ ካቤላስ ጌንስቪል በር ላይ ከመከፈቱ በፊት አለሁ፤ ግራጫ ካምሪ ነው የምይዘው። የእኔ ፈተና በሚቀጥለው ወር ስለሆነ፣ ሁለት ሳጥን ከሰጡኝ አንዱን በገዛሁበት ዋጋ ትወስዳለህ። እስከ ማታ መልስህን እዚህ ጻፍልኝ።