የመመለስ ጥሪ የወጣበት ጎማ ገዝቼ ይሆን? እንዴት ላጣራ?

የማርቆሱ አሽከርካሪ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምነዳው ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ ነው፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አራቱንም ጎማዎች ከአንድ ነጋዴ ገዝቼ አስቀይሬያለሁ። ሰሞኑን አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የጎማውን ፎቶ አይቶ፣ በዚህ ሞዴል ላይ አምራቹ ሪኮል የሚባለውን፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ ይመለስ የሚል የመመለስ ጥሪ ማውጣቱን ነገረኝ። ነጋዴውን ብጠይቀው «ጥሪው የአሜሪካ ነው፣ አንተን አይመለከትህም፤ ደግሞም የ2016 ሥሪት፣ አዲስ ጎማ ነው» አለኝ። በአንደኛው ጎማ ጎን ላይ በእርግጥ 3416 የሚል ቁጥር አለ። በየወሩ እናቴን ለሕክምና ይዤ ዓባይ በረሃን አቋርጬ አዲስ አበባ ስለምሄድ ነገሩን በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ጎማው ጥሪው ውስጥ መግባቱን በምን አውቃለሁ? ከገባስ እዚህ ሆኜ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ጎሚስታው (ፍኖተ ሰላም)፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት 3416 የሚለውን እናስተካክል። «ዲ ኦ ቲ» (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚገኘው ረጅም መለያ ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ጊዜ ያመለክታሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ጎማ እ.ኤ.አ. በ2016 በ34ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 2008 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን፣ እርስዎ «አዲስ» ብለው ሲገዙት ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። ይህን አነባበብ ከብዙ ነጋዴ አፍ ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜ ባለማወቅ ነው ብዬ ለማለፍ ግን ይቸግረኛል።

ይሁን እንጂ ዕድሜና የመመለስ ጥሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያረጀ ጎማ ጥሪ ባይወጣበትም መለወጥ አለበት፤ አንዳንድ የመኪና አምራቾች ከስድስት ዓመት በኋላ ይቀየር ይላሉ፣ ከጎማ አምራቾችም ጥርሱ ቢኖርም አሥር ዓመትን እንደ መጨረሻ ገደብ የሚያስቀምጡ አሉ። ጥሪ ግን ትናንት በተመረተ ጎማ ላይም ሊወጣ ይችላል። የሞዴሉ ስም መመሳሰልም ብቻውን አይበቃም፤ ማስታወቂያው የትኛው ፋብሪካ ከየትኛው እስከ የትኛው ሳምንት ያመረተው፣ በምን መጠን፣ እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። መለያውን በሙሉ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሙሉው መለያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በአንዱ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ውጭ በዞረው ጎን ላይ አራቱ አኃዞች ከሌሉ በውስጠኛው ጎን አሉ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጎማውን ማስፈታት ወይም በባትሪ ብርሃን ከሥር ገብቶ ማየት ነው። አንዱን አይተው አራቱም ያው ናቸው ብለው አይደምድሙ። በአንድ ቀን የተገዙ ጎማዎች የተለያየ ሳምንት፣ አንዳንዴም የተለያየ ዓመት ሲሆኑ አይቻለሁ። ተለዋጩን ጎማ አይርሱ።

መምህር (ባሕር ዳር)፦

የአውቶ መካኒክ ትምህርት አስተምራለሁ። «ጥሪው የአሜሪካ ነው» የሚለው አባባል በሕግ በኩል ግማሽ እውነት አለው። የአሜሪካ ሕግ አምራቹ ጉድለት ያለበትን ጎማ በነፃ እንዲያስተካክል ወይም እንዲተካ የሚያስገድደው ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ለተገዛ ጎማ ነው፤ ባለቤቱም ማስታወቂያው ከደረሰው በኋላ ጎማውን ለማስቀየር 180 ቀናት አሉት። ያ ግዴታ ደብረ ማርቆስ ድረስ አይመጣም። ጉድለቱ ግን ይመጣል።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የጎማ አምራቹ የፋየርስቶን ጉዳይ ነው። በነሐሴ 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2000) ኩባንያው 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች እንዲመለሱ ጥሪ አቀረበ፤ አብዛኞቹ የተገጠሙት በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር። ችግሩ የጎማው ጥርስ ከሥሩ ካለው የሽቦ ድርብ ተላቅቆ መገንጠሉ ሲሆን፣ ሙቀት፣ የንፋስ ማነስና ፍጥነት ያባብሱት ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፦ በአሜሪካ ጥሪው ከመውጣቱ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያ የነበሩ መኪኖችን ጎማ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ጉድለቱ ቀድሞ ጎልቶ የታየው በሞቃት አገር ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው በፈረንጆቹ 2000 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አምራቾች በውጭ አገር የሚያደርጉትን መሰል ጥሪ ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ግዴታ ጣለባቸው። ያው ሕግ ተመላሽ ጎማዎች እንደገና ገበያ ላይ እንዳይውሉ በሚያደርግ መንገድ እንዲወገዱም ያዝዛል፤ ስለዚህ በጎኑ ላይ ሆን ተብሎ የተበሳ የሚመስልና የተለጠፈ ያገለገለ ጎማ ካጋጠማችሁ በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ለማጣራት ወንድምዎ የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በጎማው ስምና ሞዴል እንዲፈልጉ ይጠይቋቸው። በመኪናው የሻንሲ ቁጥር መፈለግ እዚህ አይረዳም፤ ያ ፍለጋ በኋላ የተገዙ ጎማዎችን አያውቅም፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ቪትዝም 17 አኃዝ ያለው ቁጥር የላትም። ማስታወቂያው ሲገኝ ምክንያቱን ያንብቡ። አንዳንዱ ጥሪ የሚወጣው በጎኑ ላይ የተጻፈው የጭነት መጠን ስለተሳሳተ ብቻ ነው፤ የጥርስ መገንጠል ከሆነ ግን አንድ ቀንም አይነዳም። ከዚያ የመለያውን ፎቶ ከደረሰኙ ጋር አያይዘው በቀጥታ ለአምራቹ ይጻፉ፤ ባይገደድም የሚመልስ አምራች አለ። ነጋዴውን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ሳይዘገዩ ደረሰኝዎን ይዘው ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ደረሰኝ ከሌለዎት ነገሩ ከባድ ነው።

የድሮ ሾፌር (ደጀን)፦

ልጄ፣ መጽሐፉን መምህሩ ነግረውሃል፤ እኔ የበረሃውን ልንገርህ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጋው ወርደህ ድልድዩ ዘንድ ስትደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብለሃል። ቁልቁለቱን ሁሉ በፍሬን ከወረድህ የፍሬኑ ግለት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው ያልፋል። በትንሽ ማርሽ ውረድ። ብዙ ሰው ደጀን ላይ ቆሞ «በረሃው ሲያሞቀው እንዳይፈነዳ» እያለ ንፋስ ያስቀንሳል፤ እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ፣ ስሕተት ነው። ጎማ የሚግለው ንፋሱ ሲያንስና ጎኑ ሲተጣጠፍ ነው። ንፋሱን በማለዳ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ አስሞላ፤ ከዚያ በኋላ አትንካው።

ጥርሱ ሊገነጠል የደረሰ ጎማ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ ባላንስ ተሠርቶለትም መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ከሥር ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ በእጅህ ስትዳስሰው እብጠት ታገኛለህ። በጉዞ ላይ ቢገነጠልብህ ፍሬን በድንገት አትርገጥ፤ መሪውን በሁለት እጅህ አጥብቀህ ይዘህ እግርህን ከነዳጁ ቀስ ብለህ አንሣ፣ ፍጥነቱ ሲሞት ዳር ያዝ። እስክታጣራ ድረስ ግን እናትህን በአውቶቡስ ውሰዳት።

የማርቆሱ አሽከርካሪ (ደብረ ማርቆስ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎማዎቹን አስፈትቼ አየሁ። ሦስቱ 3416 ናቸው፤ አራተኛው ቁጥሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ስለተገጠመ አላየሁትም ነበር፣ እሱ 0917 ሆኖ ተገኘ። ወንድሜ ማስታወቂያውን አግኝቶ ልኮልኛል፤ ምክንያቱ የጥርስ መገንጠል ነው፣ ሦስቱ በተጠቀሱት ሳምንታት ውስጥ ሲገቡ አራተኛው አይገባም። ለአምራቹ ጽፌ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ነጋዴው ደረሰኙን ሳሳየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁለቱን ልቀይርልህ» ብሏል፤ ሦስተኛውን ለምን እንደተወው አልገባኝም፣ ሰኞ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የዚህን ወር ጉዞ በአውቶቡስ አድርገናል። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ የሰፈራችን በረባሶ ሠሪ ሦስቱን ጎማዎች ሊገዛኝ ይፈልጋል፤ ልስጠው?

ጎሚስታው (ፍኖተ ሰላም)፦

አሁን አይስጡ። ጎማዎቹ ማስረጃዎ ስለሆኑ አምራቹም ጽሕፈት ቤቱም መልስ እስኪሰጡ ድረስ ጎናቸውን በቀለም ምልክት አድርገው ያስቀምጧቸው። ከዚያ በኋላ ቢሸጡለትም ጎናቸውን እርስዎ ባሉበት ያስቆርጡ፤ ሳይቆረጥ የወጣ ጎማ በሳምንቱ የአንድ ጋሪ ወይም የሌላ ሰው ቪትዝ እግር ሆኖ ያገኙታል።