ለጊዜያዊ ግዳጅ የመገናኛ ሙያተኛ እንዴት ይመደባል?

ጥያቄ (ጠያቂ፣ ከአዳማ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከተለያዩ ክፍሎች ተውጣጥቶ ለአንድ ዓመት ሰላም ማስከበር ለሚሰማራ ሻለቃ የመገናኛ ሙያተኞችን ቁጥርና ስብጥር እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። የቀድሞው ዕቅድ ለአንድ ሬዲዮ አንድ ሰው ይላል። ሌት ተቀን ክፍት ለሚሆን ጣቢያ ይህ ይበቃል? ሙያተኛውንስ በምን መስፈርት ልምረጥ?

መልስ (የመገናኛ ጡረተኛ)፦
ወንድሜ፣ የክፍሉን ስም አለመጥቀስዎ መልካም ነው፤ ወደፊትም አይጥቀሱት። ሰው የሚታቀደው በሬዲዮ ብዛት ሳይሆን በተረኝነት ሰዓት ነው። ሳምንቱ 168 ሰዓት ስለሆነ አንድ ኦፕሬተር በሳምንት 48 ሰዓት ቢሠራ እንኳ አንዱ ወንበር ሦስት ሰው ተኩል ይፈልጋል፤ ፈቃድ፣ ሕመምና የጥበቃ ተራ ሲጨመርበት ከአምስት ሰው በታች ይዞ መውጣት አይገባም። አዛዦች «ይህ ሁሉ ሰው ለወሬ ነው?» ማለታቸው ስለማይቀር ስሌቱን ከዕቅዱ ጋር አያይዘው ያቅርቡ። በአጭር ሞገድ ቀን ጥርት ብሎ የሚሰማው ፍሪኩዌንሲ ሲመሽ ሊጠፋ ስለሚችልና አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዝቅተኛው መውረድ ስለሚያስፈልግ፣ የሌሊቱን ፈረቃ ለጀማሪ ብቻውን አይስጡ።

መልስ (በአቢዬ ያገለገለ)፦
የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2003 ዓ.ም. ያቋቋመው፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት በአቢዬ የሰፈረው ሰላም አስከባሪ ኃይል በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ስለነበር በእርስ በርስ ግንኙነታችን አማርኛ ይበቃን ነበር፤ ወደ ተልእኮው ዋና መሥሪያ ቤት የሚላከው ሪፖርት ግን በእንግሊዝኛ ነው። በየፈረቃው ቢያንስ አንድ ሰው ፊደል በፊደል በ«አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ» (ለA፣ B፣ C) የሚነገረውን ስምና የካርታ መጋጠሚያ (የቦታ መለያ ቁጥር) ሳይሳሳት ተቀብሎ በመዝገብ ማስፈር አለበት። ሰርተፊኬቱን ብቻ አይመኑ፤ ጫጫታ ባለበት ሬዲዮ መልእክት ያስነግሩና የጻፈውን ያንብቡ።

መልስ (ቴክኒሻን፣ አዳማ)፦
ጋሼ ባሉት ላይ የሬዲዮ ጠጋኝ ይጨመር። «ሬዲዮው ተበላሽቷል» ተብሎ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈታው የአንቴናውን ገመድ መጋጠሚያ ነው፤ ውኃ ገብቶበት መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ የማገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለላኪው አገር ወጪውን ተመላሽ የሚያደርገው ለሚሠራ አገልግሎት ስለሆነ፣ በፍተሻ ወቅት የማይሠራ መገናኛ ክፍያ ያስቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ጠጋኝ ይያዙ፤ አንዱ ሲታመም ሥራው አይቆምም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙያተኞቹን ሁሉ ከአንድ ጠንካራ ክፍል ብወስድስ?

መልስ (የመገናኛ ጡረተኛ)፦
ይተዋወቃሉና ሥራው ይቀላል፤ ነገር ግን የላካቸው ክፍል ዓመቱን ሙሉ ያለ መገናኛ ይቀራል፣ አዛዡም ደካሞቹን መርጦ ይሰጥዎታል። ዋናውን ቡድን ከአንድ ክፍል፣ ቀሪውን ከሌሎች ይውሰዱና ከመሰማራታቸው በፊት በሚይዙት መሣሪያ ላይ አብረው ያለማምዷቸው። ተተኪዎቹም ሲመጡ ነባሮቹ ሳይወጡ ጥቂት ቀናት አብረው ተረኛ ይሁኑ።