የ800 ሜትሩ ጉዞ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፦ እንዴት አመሻችሁ? የእሑዱ የተማሪዎች ጉዞ ሐሳብ ይኸው፤ የድሮው የአየር ንብረት እንዴት እንደነበረ በእግር እያስኬድን ልናሳያቸው ነው። ከአራት ኪሎ ድል ሐውልት አጠገብ ተነስተን ወደ አምስት ኪሎ 800 ሜትር እንለካለን። አንድ ሜትር 1,000 ዓመት ነው። ተማሪዎቹ በተራመዱ ቁጥር በዘመን ወደ ኋላ ይሄዳሉ። 800 ያልነው አንታርክቲካ ዶም ሲ ላይ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆፍሮ የወጣው በረዶ 800,000 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚወስደን ነው።

ሒሳብ ሹሙ፦ ድንቅነሽስ?

ጸሐፊዋ፦ እሷ 3,200ኛው ሜትር ላይ ናት። ሙዚየሙን አልፈን፣ እሷን ፍለጋ ገና እንሄዳለን ማለት ነው 😄

የጂኦግራፊ መምህሩ፦ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን በረዶ በረዶ ካልን ልጆቹ ያዛጋሉ። የእኛ ልጅ በረዶ የሚያውቀው ክረምት ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። እኔ ብሆን ከጭቃ እጀምራለሁ። ጣና ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። 17ኛው ሜትር፣ ገና ከአደባባዩ ሳንርቅ!

ሒሳብ ሹሙ፦ ጋሼ፣ ጣና ደረቀ ብለን ሰው ይሳቅብን? ማን አይቶ?

መምህሩ፦ ጭቃው አይቷል። ሐይቁ መሃል በቱቦ ደለል ሲወጣ፣ ከታች ደርቆ የጠነከረ አፈር ተገኘ። ከላዩ ደግሞ የረግረግ ተክል ቅሪት አለ። እንዲህ ያለ ተክል ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይበቅልም። የቅሪቱን ዕድሜ በውስጡ ባለው፣ ዘመን በቆየ ቁጥር እያነሰ በሚሄደው ካርቦን 14 ይለኩታል። ደቡብ ኢትዮጵያ ያለው የደረቀ ሐይቅ፣ ጨው ባሕር፣ ደግሞ ጭቃው 280 ሜትር ያህል ተቆፍሮ የ620,000 ዓመት ታሪክ ወጥቷል። አንታርክቲካ ድረስ ምን አስኬደን?

የላብራቶሪ ባለሙያዋ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ በዚህ አልስማማም። ጭቃ የድሮ አየር አይሰጠንም። በረዶው ውስጥ ያለችው አረፋ ግን ራሷ የዚያን ጊዜ አየር ናት። በቀዝቃዛው ዘመን ከ1 ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ 180 ይወርድ ነበር። በሞቃቱ 280 ገደማ። ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። አምቦ ውሃ አቀዝቅዤ ላምጣ? ሲቀልጥ አረፋው ሲወጣ ያዩታል።

መምህሩ፦ ልክ ነሽ ልጄ፣ አየሩን ረስቼዋለሁ። አምቦ ውሃውም ይሁን። ግን አንታርክቲካ ላይ አረፋው የሚታሰረው ውሃ ሲረጋ ሳይሆን፣ በረዶ በበረዶ ላይ ሲከመርና ሲጨፈለቅ መሆኑን ንገሪያቸው። አለዚያ አሳሳትናቸው።

ሰብሳቢው፦ ባሌን እንዳትረሱ። ሳነቲ የሚባለው የተራራው አምባ ላይ የበረዶ ግግር ነበር። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን የበረታው የዛሬ 21,000 ዓመት አካባቢ ስለሆነ ከጣና አለፍ ብሎ ይቁም። የዓለም ባሕርም ያኔ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር፤ ውሃው በረዶ ሆኖ የብስ ላይ ተቀምጧላ።

ጸሐፊዋ፦ እሺ፣ ረቂቁን አሻሽያለሁ። ጣና 17፣ ባሌ 21፣ ጨው ባሕር 620፣ ዶም ሲ 800። በየ100 ሜትሩ የኖራ መስመር ይሰመራል፤ ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ምሕዋር ቅርጽ በ100,000 ዓመት ገደማ ስለሚለዋወጥ፣ ቀዝቃዛውና ሞቃቱ ዘመንም ከእሱ ጋር ስለሚፈራረቅ። የእግረኛ መንገዱን ፈቃድ ሰብሳቢው ይጠይቁ። ኖራውስ?

ሒሳብ ሹሙ፦ ኖራው ከእኔ። ግን መስመሩን ዝናብ ካጠበው ድጋሚ አልገዛም።